ለ19 ሟቾች የተዘፈነው ዜማ ዲዝኒ ቤት ሲገባ፦ የቴ ቫካ ጉዳይ

ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ «ሞአና»ን ያላየ የለም ማለት ይቻላል። አንዳንዶቻችን ሳንወድ በግድ በቃላችን ይዘነዋል። እዚያ ፊልም ውስጥ የልጅቷ ቅድመ አያቶች በትልልቅ ታንኳዎች ውቅያኖስ ሲያቋርጡ የሚታይበት ቦታ አለ። ዘፈኑ ሲጀምር የምትሰሙት የወንድ ድምፅ እንግሊዝኛ አይደለም። መጀመሪያ ሳሞአኛ ነው፣ ቀጥሎ ቶከላውኛ። ዘፋኙ ኦፔታያ ፎአኢ ይባላል፤ የ«ቴ ቫካ» መሥራች ነው።

ቴ ቫካ የፖሊኔዥያ፣ ማለትም የፓሲፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች፣ የሙዚቃና የውዝዋዜ ቡድን ነው። የተመሠረተው በ1995 ኒው ዚላንድ ውስጥ፣ ኦክላንድ ላይ ነው። (ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ፊልሙ በ2016 መጨረሻ ሲወጣ ቡድኑ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ስለዚህ «ዲዝኒ ያወጣቸው ልጆች» የሚባለው ነገር አያስኬድም። ለመሆኑ የአንድ ወረዳ ከተማ ሕዝብ እንኳ በማይናገረው ቋንቋ የሚዘፍን የቤተሰብ ቡድን እንዴት እዚያ ደረሰ? ደርሶስ ምን ሰጠ፣ ምንስ አስቀረ? ይህን ለማየት አንድ ዘፈናቸውን መከተል ይበቃል። ወደ እሱ ለመድረስ ግን መጀመሪያ ሰዎቹንና አገሩን ማወቅ ያስፈልጋል።

ሰዎቹ ከየት ናቸው

ኦፔታያ የተወለደው ሳሞአ ነው፣ ከአፒያ ከተማ አጠገብ ባለች መንደር። አባቱ ግን የቶከላው ሰው ናቸው፣ እናቱ የቱቫሉ፣ የሌላ ትንሽ የፓሲፊክ ደሴት አገር። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ ወደ ኒው ዚላንድ ተሻገረ። እንግዲህ አንድ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ሦስት የደሴት ቋንቋ በጆሮው ይዞ፣ አራተኛውን ትምህርት ቤት ገብቶ ተማረ ማለት ነው።

ቶከላው የት ነው ለሚል ሰው፦ ከሳሞአ በስተሰሜን ሦስት ዝርግ የኮራል ደሴቶች አሉ። አታፉ፣ ኑኩኖኑ፣ ፋካኦፎ። መሬታቸው ሁሉ ተደምሮ 12 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ነዋሪው 1,500 ቢሆን ነው። አውሮፕላን ማረፊያ የለም። ከአፒያ በመርከብ ነው የሚኬደው፣ ጉዞውም ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። የሚተዳደሩት በኒው ዚላንድ ሥር ሲሆን በ2006 እና በ2007 «ራሳችንን እናስተዳድር ወይስ እንቆይ» ብለው ሁለት ጊዜ ድምፅ ሰጥተው ነበር። ሁለቱንም ጊዜ አብዛኛው ሰው «ራሳችንን» ብሏል፣ ግን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልግ ስለነበረ ለጥቂት ሳይሞላ ቀረ።

በ1966 ከባድ ማዕበል ደሴቶቹን ከመታ በኋላ የኒው ዚላንድ መንግሥት ቤተሰቦችን እያነሳ ወደ ራሱ አገር አሰፈረ። ዛሬ ኒው ዚላንድ ውስጥ ራሱን ቶከላዋዊ የሚለው ሰው ከ8 ሺህ ይበልጣል። በሌላ አነጋገር አብዛኛው የቶከላው ሕዝብ የሚኖረው ቶከላው ውስጥ አይደለም። ዋሽንግተን ዲሲ ወይም ቴል አቪቭ ሆኖ ይህን ለሚያነብ ሰው ነገሩን ብዙ ማብራራት አያስፈልገኝም፤ ልጁ አማርኛ ይሰማል፣ ሲመልስ ግን በሌላ ቋንቋ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መጨመር አለበት። በቶከላውም በቱቫሉም ለረጅም ዘመን የቤተ ክርስቲያኑና የንባቡ ቋንቋ ሳሞአኛ ነበር። ወንጌልን ይዘው የገቡት ሰባኪዎች በብዛት ሳሞአውያን ስለነበሩ ነው። ስለዚህ ኦፔታያ በ1990ዎቹ ብዕሩን አንስቶ በአባቱ ቋንቋ በቶከላውኛ ዘመናዊ ዘፈን ልጻፍ ሲል የገበያው ሰው ቀርቶ የራሱ አካባቢ ሰዎችም «ለማን ነው?» ቢሉት አይፈረድባቸውም። ሳሞአኛ የሚሰማ ሕዝብ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ እንግሊዝኛንማ ተዉት።

የኦክላንዱ ኑሮም አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ1970ዎቹ አጋማሽ ፖሊስ «ቪዛቸው ያለፈባቸው» እያለ ጎህ ሳይቀድ የፓሲፊክ ደሴት ሰዎችን በር ያንኳኳ ነበር። በዋናነት የተጎዱት ሳሞአውያንና ቶንጋውያን ናቸው። መንግሥት ለዚህ በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ2021 ነው። ኦፔታያ ያደገው በዚያ ከተማ ነው። በዚያን ጊዜ ደሴተኛነትን ማጉላት ሥራም ቤትም የሚያስገኝ ነገር አልነበረም።

ቡድኑ ሲሠራ

ቴ ቫካ መድረክ ላይ አሥር ገደማ ሰው ይዞ ይወጣል። ጊታር፣ ቤዝ፣ ዘመናዊ ድራም አለ። ከዚያ ፓቴ አለ፤ ከጠንካራ እንጨት ተፈልፍሎ በጎኑ ረጅም ስንጥቅ የተበጀለት፣ በሁለት ዱላ የሚመታ የግንድ ከበሮ ነው። ድምፁ ደረቅና ስል ነው፣ ሩቅ ይሄዳል። በመንደር ሰው መጥሪያም ነበር። ውዝዋዜው የሚታከል ማስጌጫ አይደለም፤ የሚወዛወዙት ሰዎች ይዘፍናሉም።

ግጥሙን የሚጽፈው ኦፔታያ ነው። ማናጀሯ ሚስቱ ጁሊ ፎአኢ ናት። ልጆቹ ከመድረክ ኋላ ነው ያደጉት ማለት ይቻላል፤ ኦሊቪያ መጀመሪያ በውዝዋዜ ከዚያ በድምፅ ገባች፣ ማታቲያ ከበሮው ላይ ተቀመጠ። የቤተሰብ ቡድን ጥቅሙም ጣጣውም የታወቀ ነው። ደመወዝ ላይ ማንም አይካሰስም፣ በሌላ በኩል ማኩረፍና ሥራ መልቀቅ አንድ አይደሉም፣ አኩርፈህም ማታ እራት ላይ ትገናኛለህ። ለሃያ ዓመት አንድ ላይ መቆየታቸው ግን የዚህ ውጤት ይመስለኛል። ክፍያው ቀጭን በሆነበት ሥራ ተቀጣሪ ተጫዋች ቶሎ ይሄዳል፣ ልጅህ ግን ትንሽ ይታገስሃል።

የውዝዋዜያቸው ሥር ያለው ፋተሌ ውስጥ ነው። ይህን ሳላብራራ ማለፍ አልፈልግም፣ ምክንያቱም ቡድኑን የሚያውቀው ሰው እንኳ ብዙ ጊዜ ከበሮውን ብቻ ነው የሚያወራው።

ፋተሌ የቶከላውና የቱቫሉ ጭፈራ ነው። መሬት ላይ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ መሐል ላይ ባዶ የእንጨት ሣጥን ይቀመጣል። ፖኪሂ ይሉታል። ወንዶች ክብ ሠርተው ይቀመጡና ሣጥኑን በመዳፋቸው ይመቱታል፣ ሌላው አጠገቡ ቆርቆሮ ይመታል። ከኋላቸው ጨፋሪዎቹ ተደርድረው ይቆማሉ፣ አበባ ጉንጉን ራሳቸው ላይ አድርገው። ግጥሙ አጭር ነው፤ ሁለት ሦስት ስንኝ። መጀመሪያ ቀስ ተብሎ ይዘፈናል። ከዚያ ያው ግጥም ይደገማል፣ ትንሽ ፈጠን ብሎ። ይደገማል፣ ፈጠን ይላል። ይደገማል፣ ድምፁም ከፍ፣ መዳፉም ጠበቅ፣ ጨፋሪዎቹ ላብ በላብ፣ የተቀመጡት እየተነሱ፣ ሣጥኑ የሚሰበር እስኪመስል ድረስ። ድንገት ሁሉም በአንድ ምት ቀጥ ይላል። ዝም። ከዚያ ማዶ የተቀመጠው ወገን በተራው ይጀምራል፣ ምክንያቱም ሁለት ወገን ተከፍሎ መፎካከር አለ። እኛ በእስክስታ ትከሻ ላይ የምናደርገውን እነሱ እጅ ላይ ያደርጉታል። ታሪኩን የሚናገረው እጁ ነው፣ ወገቡ አይደለም። «ፖሊኔዥያ» ሲባል የሃዋይ ሆቴል ውስጥ ወገቧን የምታወዛውዝ ሴት ብቻ የሚታየው ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል።

ፋተሌ ራሱ «ጥንታዊ ንፁህ ባህል» አይደለም፣ ይህን ልብ በሉልኝ። ሰባኪዎቹ የድሮዎቹን ጭፈራዎች አልወደዷቸውም፤ ሕዝቡም የተፈቀደለትን የመዝሙር አዘማመር ወስዶ ከራሱ ምት ጋር አዋሐደው። ስለዚህ ቴ ቫካ ጊታር ሲጨምርበት የሆነ የተቀደሰ ነገር አላረከሰም። የአያቶቹን ሥራ ነው የቀጠለው።

ከዚያ ዓለምን መዞር ነው። ከ1997 ጀምሮ አልበም በአልበም ላይ ሲያወጡ፣ ከ40 በላይ አገሮች ውስጥ መድረክ ላይ ወጥተዋል። ዎማድን በመሳሰሉ ፌስቲቫሎች ላይ ተደጋጋሚ እንግዳ ነበሩ። ለቢቢሲ የዓለም ሙዚቃ ሽልማትም ታጭተዋል። በነገራችን ላይ ማህሙድ አህመድ በ2007 የወሰደው ሽልማት ነው። ገበያው ያው ነው፤ ከፋካኦፎ የመጣውም ከአዲስ አበባ የመጣውም «የዓለም ሙዚቃ» ተብሎ አንድ መደርደሪያ ላይ ይሰለፋል። ከኒው ዚላንድ አውሮፓ ድረስ አሥር ሰውና የግንድ ከበሮ ጭኖ መሄድ ምን ያህል እንደሚያስወጣ አስቡት። በዚህ ሥራ ሀብታም የሆነ የለም። ግን በየዓመቱ ዘፈን እየተከማቸ፣ ቡድኑም እየበሰለ ሄደ።

ዘፈኑ

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

መጋቢት 9 ቀን 2000። ቱቫሉ፣ ቫይቱፑ ደሴት፣ ሞቱፉዋ የሚባል አዳሪ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት። ሌሊት የሴቶች መኝታ ቤት በእሳት ተያያዘ። መነሻው ተማሪ በሻማ ስታነብ እንደነበረ ነው የተነገረው። በሩ ተቆልፎ ነበር፣ መስኮቱም ፍርግርግ ብረት ነበረበት። 18 ልጃገረዶችና አንዲት ሞግዚት ሞቱ። የአገሩ ሕዝብ በዚያን ጊዜ ወደ 10 ሺህ ነው፤ ያኔ ቱቫሉ ውስጥ የማታለቅስ ደሴት አልነበረችም።

የኦፔታያ እናት የቱቫሉ ሰው ናቸው ብለናል። ለእነዚያ 19 ሰዎች «ሎይማታ ኤ ማሊጊ» የሚል ዘፈን ሠራ፣ እንባ ይፍሰስ እንደ ማለት ነው። በ2002 «ኑኩኬሄ» በተባለው አልበማቸው ወጣ። ዘፈኑን ስትሰሙት የምትጠብቁት ከበሮ የለም። ቀስ ያለ፣ የማይጮኽ፣ ድምፅ በድምፅ ላይ የሚደረብበት ነው። በእኛ አገር ለሐዘን ሙሾ አውራጇ ስሙን እየጠራች ታስለቅሳለች። ይህ ግን አያስለቅስም፤ አብሮ ተቀምጦ ዝም እንደሚል ለቀስተኛ ነው።

ዘፈኑ በፌስቲቫሉ ሰው ዘንድ ይታወቅ ነበር። ቋንቋውን ሳይሰማ የሚወደው ብዙ ነው፣ እዚያ ውስጥ ስለ ምን እንደሚባል የሚያውቀው ጥቂት።

ዲዝኒ ሲመጣ

ሮን ክሌመንትስና ጆን መስከር፣ «ትንሿ የባሕር ልዕልት»ን የሠሩት ሁለት ዳይሬክተሮች፣ ከ2011 ጀምሮ ወደ ፊጂ፣ ሳሞአና ታሂቲ እየተመላለሱ ለአዲስ ፊልም ጥናት ጀመሩ። ከአገሬው ሰዎችም አማካሪ ቡድን አቋቋሙ። ሙዚቃው ለሦስት ሰው ተሰጠ፦ ለአሜሪካዊው የዘፈን ደራሲ ለሊን-ማኑኤል ሚራንዳ፣ ለፊልም ሙዚቃ ቀማሪው ለማርክ ማንሲናና ለኦፔታያ። በ2014 ሚራንዳ ሥራውን እንዳገኘ ወደ ኦክላንድ በርሮ የፓሲፊክ ሕዝቦችን ፌስቲቫል አየ። የመጀመሪያው የጋራ ዘፈን፣ ያ የታንኳው፣ የተወለደው ከዚያ ግንኙነት ነው።

ሁለት ነገር እዚህ ላይ መለየት አለበት። ትልልቅ የፊልም ድርጅቶች ለ«አገር ቤት ቀለም» ባህላዊ ቡድን ሲጠሩ የተለመደው አሠራር አንድ ቀን ስቱዲዮ አስገብቶ፣ ከበሮ አስመትቶ፣ አስጨፍሮ፣ ከፍሎ መሸኘት ነው። የዘፈን ደራሲው ሌላ ነው። ቡድኑ ድምፅ ነው፣ እንደ ዕቃ። ኦፔታያ ግን በዚህ መንገድ አልገባም። የገባው በደራሲነት ነው፣ ከሁለቱ እኩል ስሙ ተጽፎ። ይህ በልመና የመጣ አይመስለኝም። እጁ ላይ የሃያ ዓመት ሥራ ነበረ። ከቤቱ ባዶ እጁን የወጣ ሰው እንዲህ አይደራደርም።

ሲገባም ብቻውን አልነበረም። ፊልሙ ሲከፈት የምትሰማው ድምፅ የልጁ የኦሊቪያ ነው። ከፊጂ ደግሞ በኢጌሌሴ ኤቴ የሚመራው የፓሲፊካ ቮይሰስ መዘምራን ተጨመሩ።

አደጋው የውሸት አልነበረም። ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት፣ በመስከረም 2016፣ ዲዝኒ ለልጆች የማዊን፣ የፊልሙን ግማሽ አምላክ ገጸ ባሕርይ፣ ልብስ ሸጠ፤ ቡናማ ቆዳና ንቅሳት የታተመበት፣ ልጅ ሌላ ሰው ቆዳ ውስጥ የሚገባበት ልብስ። የፓሲፊክ ሰዎች ጮኹ፣ ልብሱ ከገበያ ተነሳ። ማዊ በጣም ወፍራም ተደርጎ ተስሏል የሚል ቅሬታም ከዚያ በፊት ተነስቶ ነበር። እኔ ቅሬታዎቹን ቀላል አላደርጋቸውም። አንድ ኩባንያ በአንድ እጁ አማካሪ ሰብስቦ በሌላው እጁ ቆዳ ይሸጣል፤ ሁለቱ እጆች አይተዋወቁም።

እና «ሎይማታ ኤ ማሊጊ»? ዜማው ፊልሙ ውስጥ ገባ። ግጥሙ ተቀየረ። ቦታው ይኸውላችሁ፦ ሞአና ገና ድክ ድክ የምትል ሕፃን ናት። ባሕር ዳር ላይ ትንሽ ኤሊ ወፎች ሊበሏት ሲከቧት ታያለች። ዛጎል ልትለቅም የነበረችው ልጅ ዛጎሉን ትታ በቅጠል ኤሊዋን ከልላ እስከ ውኃው ታደርሳታለች። ከዚያ ባሕሩ ለእሷ ይከፈትላታል። ያን ጊዜ የሚሰማው ያ የሐዘን ዜማ ነው።

ይህን ሳውቅ መጀመሪያ ደስ አላለኝም። የ19 ሰው ሐዘን የካርቱን ማጀቢያ ሆነ? ለፋንዲሻ? ይህን የሚል የቱቫሉ ሰው ቢኖር አልከራከረውም። ሟች የራሱ የሆነ ሰው አፉን የሚዘጋበት ምክንያት የለም።

ነገሩን ሳሰላስለው ግን ሐሳቤ ተለወጠ። አንደኛ፣ ዜማውን የሰጠው የራሱ ባለቤት ነው። ማንም ከመንደር ቀድቶ «የሕዝብ ዜማ» ብሎ የወሰደው አይደለም። ይህ ለእኛም አዲስ አይደለም፤ የስንቱ አዝማሪ ዜማ ነው «ያልታወቀ ደራሲ» ተብሎ ካሴት ላይ የወጣው? እዚህ ደራሲው ይታወቃል፣ በሕይወት አለ፣ ሥራው ላይ ራሱ ተቀምጧል። ሁለተኛ፣ የድሮው ግጥም አልጠፋም። አልበሙ ውስጥ እንደ ነበረ አለ፣ ቡድኑም ይዘፍነዋል። ሦስተኛ፣ ቦታውን ተመልከቱ። ስለ ሕፃን ልጅ የዋህነት በሚነገርበት ቦታ ላይ ነው የዋለው። የተዘፈነላቸውም ልጆች ነበሩ። ይህ በአጋጣሚ ነው ብዬ አላምንም፣ ግን ደራሲው የልቡን እሱ ያውቃል።

ከዚያ ወዲህ

ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከ640 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። የሙዚቃ አልበሙ አሜሪካ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ድረስ ወጣ። ፊልሙ በታሂቲኛ፣ በ2017 በማኦሪኛ፣ በ2018 ደግሞ በሃዋይኛ ተሠራ። ቶከላውኛ ግን በብዙዎቹ ትርጉሞች ውስጥ አለ፣ ምክንያቱም ዘፈኑ ውስጥ ነው ያለው። ሪያድ ያለች የአምስት ዓመት ሕፃን 1,500 ሰው ከሚኖርባቸው ደሴቶች ቋንቋ ሁለት ስንኝ በቃሏ ትላለች። ትርጉሙን አታውቅም፣ ግድም አይሰጣትም።

ቡድኑ ግን ታዋቂ ሆነ ወይ? እዚህ ላይ ነው ሒሳቡ የማይገጥመው። ዘፈኑን የሚያውቁት ሰዎች ቁጥር ሰማይ ነክቷል። «ቴ ቫካ» ብላችሁ ብትጠይቋቸው ከአሥሩ ዘጠኙ «ምን?» ይሏችኋል። ለምሳሌ እኔ ከፊልሙ በፊት ያወጡትን አልበም አንድ ሰው አምጥቶልኝ አያውቅም፣ ፈልጌ ነው ያገኘሁት። በፓሲፊክ ሙዚቃ ሽልማት ላይ ምርጥ ቡድን ተብለው በተደጋጋሚ ተሸልመዋል፣ በራሳቸው ሰፈር ስማቸው ትልቅ ነው። ከዚያ ውጭ ያለው ዓለም ዜማውን ወስዶ ስሙን ረስቷል። የዘፈን ደራሲነት ስምና የቡድን ስም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ኦፔታያ የመጀመሪያውን አገኘ፣ ጨፋሪዎቹና ከበሮ መቺዎቹ ሁለተኛውን ገና እየጠበቁ ነው። ከበሮ የሚመታ ሰው ስም በየትኛውም አገር ከዘፈን ደራሲ ስም በኋላ ነው የሚመጣው፣ ከመጣ።

ልጆቹ የየራሳቸውን መንገድ ጀምረዋል። ኦሊቪያ በ2019 የራሷን አልበም አወጣች፣ በቶከላውኛም ትዘፍናለች። እንግዲህ ኒው ዚላንድ ውስጥ የተወለደ ትውልድ በአያቱ ቋንቋ ግጥም ጻፈ ማለት ነው። እንደ እኔ ከሽልማቱም ከሚሊዮኑም ይልቅ የቡድኑ ትልቁ ውጤት ይህ ነው፣ ምክንያቱም ሃያ ዓመት በመኪናና በአውሮፕላን መዞሩ ልጆቹን ከቋንቋው አላራቃቸውም፤ እንዲያውም ቋንቋው የቤተሰቡ እንጀራ ስለነበረ በየቀኑ አፋቸው ውስጥ ነበረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ የሚከፈት የቋንቋ ትምህርት ቤት ይህን አይሰጥም።

በ2024 «ሞአና 2» ወጣ። ሚራንዳ በዚህኛው የለም፣ በሱ ቦታ አቢጌል ባርሎና ኤሚሊ ቤር የሚባሉ ሁለት ወጣቶች ገቡ። ኦፔታያና ማንሲና ግን ነበሩ። ይህኛው ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ።

መስማት የሚፈልግ ሰው ካለ ከፊልሙ አልበም አይጀምር። «ኑኩኬሄ»ን ይፈልግና መጀመሪያ ከበሮ ያለባቸውን ይስማ፣ ከዚያ «ሎይማታ ኤ ማሊጊ»ን። የፋተሌ ቪዲዮም ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል፤ ቶከላው ወይ ቱቫሉ ብላችሁ ፈልጉ፣ ግን አጭሩን አትክፈቱ፣ ከመጀመሪያው ቀስታ እስከ መጨረሻው ምት ድረስ ያለውን ነው ማየት ያለባችሁ።